ስካርሌት ከእስር ቤት እስከ ቤይሩት

ሰሞኑን አንድ ወጣት በሰው ፊት ገሠጸኝ። ነገሩ የሆነው አንድ መጽሐፍ ሲመረቅ ነው። መድረክ መሪው እንደ ልማዳቸው «ሕይወትዎን የቀየረው መጽሐፍ የቱ ነው?» እያለ ማይክሮፎኑን በፊት ወንበሮች ያዞራል። የዚህ ዓምድ ደንበኞች ከዚህ ጥያቄ ጋር ያለኝን የቆየ ጠብ ታውቁታላችሁ፤ መጽሐፍ እንዲህ በቀላሉ ሕይወት የሚቀይር ቢሆን ኖሮ መጽሐፍ አዟሪዎቻችን ሁሉ ፎቅ በሠሩ ነበር። ከእኔ በፊት የተጠየቁት እንግዶች ርዕሳቸው በቁጥር የሚጀምር መጻሕፍት ጠሩ፤ አንዱ ሰባቱን ልማዶች፣ ሌላው አርባ ስምንቱን ሕጎች። የሒሳብ ክፍለ ጊዜ መሰለኝ። ተራዬ ሲደርስ «ነገም ሌላ ቀን ነው» አልኩና ማይክሮፎኑን መለስኩ።

ከኋላ አንድ ልጅ እጁን አወጣ። «ይቅርታ ያድርጉልኝ ጋሼ» አለ፤ «እንደ እርስዎ ካለ ሰው አልጠበቅኩም። ያ መጽሐፍ የባሪያ አሳዳሪዎች ሙሾ ነው። ጥቁር ሆኖ እሱን መውደድ እንዴት ይቻላል?» አዳራሹ አጨበጨበለት። እኔም አጨበጨብኩ፤ ደፋር ልጅ እወዳለሁ። ከዚያ «አንብበኸዋል?» አልኩት። «ስለ እሱ ብዙ አንብቤያለሁ» አለኝ። እዚህ ላይ ነው የተለያየነው።

ልጁ የተናገረው ሐሰት ነው አልልም። የመጽሐፉ ደራሲ ማርጋሬት ሚቼል የአትላንታ ልጅ ናት። የጋዜጣ ዘጋቢ ነበረች፤ ቁርጭምጭሚቷን ታማ ቤት በዋለችበት ጊዜ መጽሐፉን መጻፍ ጀመረች፤ እ.ኤ.አ. በ1936 ከሺህ ገጽ በላይ ሆኖ ታተመ፤ በዓመቱ የፑሊትዘርን ሽልማት ወሰደ። በሕይወት ሳለች ያሳተመችው ልብ ወለድ እሱ ብቻ ነው፤ በ1949 እዚያው አትላንታ መንገድ ስትሻገር መኪና ገጭቷት ሞተች። ያደገችው በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት የተሸነፈው የደቡቡ ወገን ሽማግሎች ሲያወሩ እየሰማች ነው፤ መጽሐፉም የሚያለቅሰው ለነሱ ነው። ባርነት እዚያ ውስጥ የቤተሰብ ፍቅር መስሎ ይሳላል። ጥቁሮቹ ወይ ታማኝ ናቸው ወይ ሞኝ። ነጻ ሲወጡ የሚይዙት የሚጨብጡት ይጠፋቸዋል። በሌሊት የሚገድሉት የኩ ክላክስ ክላን ሰዎች ደግሞ የጨዋ ልጅ ተደርገው ይቀርባሉ። ይህን ሁሉ ሳያይ መጽሐፉን የሚጨርስ አንባቢ መነጽሩን ይቀይር።

እስከዚህ ከልጁ ጋር ነኝ። «ስለዚህ ይጣል» ሲል ግን እለየዋለሁ። ከዚያ አነጋገር ሥር አንድ እምነት አለ፤ መጽሐፍ አንባቢውን ይገዛዋል፣ ጸሐፊዋ የተቀመጠችበት ወንበር ላይ ያስቀምጠዋል የሚል እምነት። በዕድሜዬ ያየሁት የዚህን ተቃራኒ ነው፤ ያየሁትም በዚሁ መጽሐፍ ነው።

የመጽሐፉ ዋና ገጸ ባሕርይ ስካርሌት በአማርኛ እንዴት እንደተወለደች አስቡት። ተርጓሚው ነቢይ መኮንን በደርግ ጊዜ እስረኛ ነው። ወረቀት የለውም። ያለው የሲጋራ ፓኮ ውስጥ ያለው፣ በአንድ ፊቱ የሚያብረቀርቅ በሌላው ፊቱ ነጭ የሆነ ስስ ወረቀት ነው። ያን የመሰለ ግዙፍ መጽሐፍ 3000 ያህል እንዲህ ያለ ወረቀት ላይ ተረጎመው። ወረቀቶቹ እስር ቤት አልቀሩም፤ በሚፈቱ እስረኞች እጅ፣ ሲጋራ መስለው ወጡ። እኔ አንድ ቀን በጉጉት ፓኮ ፈትቼ ሞክሬዋለሁ። ወረቀቱ ከመዳፍ ብዙም አይበልጥም። እስክሪብቶ ትንሽ ጫን ካሉት ይበሳል፤ ቀለል ካሉት ቀለሙ አይዝም፤ በጣት ካሹት ይጠፋል። አንድ አንቀጽ ሳልጨርስ ተውኩት። እኔ ደግሞ ወንበር፣ ጠረጴዛና መብራት ነበረኝ።

እግረ መንገዴን፣ «ትርጉም ወጥ መጻፍ ያቃተው ሰው ሥራ ነው» እያሉ ለሚጽፉልኝ አንባቢዎች መልሴ ያው የቀድሞው ነው፤ አሁንም አልከራከራችሁም። «ስውር ስፌት»ን የጻፈ ገጣሚ፣ «የእኛ ሰው በአሜሪካ»ን ያስነበበን ሰው ወጥ መጻፍ አቅቶት አይደለም። ነቢይ በ2016 ዓ.ም. ሲያርፍ ከሁሉ በፊት ያነሳነው ያንኑ የሲጋራ ወረቀት ነው፤ ነፍሱን ይማርልን።

ወደ ነገሬ ልመለስ። ስለ መጽሐፉ «ያነበበው» ልጅ የሚያልፈው አንድ ቦታ አለ። ከጦርነቱ በኋላ ስካርሌት የእንጨት መሰንጠቂያ ትገዛለች። የሠራተኛ ደመወዝ ሲከብዳት ከመንግሥት እስረኛ ተከራይታ ማሠራት ትጀምራለች። ያሠማራችው አለቃ እስረኞቹን እንደሚያስርብና እንደሚገርፍ ታውቃለች፤ ታውቅና ትርፉን ታሰላለች። አሁን ይህን ምዕራፍ እስረኛ ሆኖ የሚያነብ ሰው አስቡ። የትኛው ወንበር ላይ ነው የሚቀመጠው? የስካርሌት ሰረገላ ላይ ነው ወይስ መጋዙ ሥር? የአሳዳሪዎቹ ወገን የጻፈችው መጽሐፍ በታሳሪ እጅ ሲገባ ሌላ መጽሐፍ ይሆናል። ሚቼል ይህን አንባቢ አላሰበችውም፤ እሱ ግን ፈቃድ አልጠየቃትም።

እኛ ቤት መጽሐፉ የገባው ደርግ ከወደቀ በኋላ ነው። አባዬ የመቶ አለቃ ነበር፤ ከግንቦት 1983 በኋላ የመቶውም የአለቃውም ነገር አብሮ ቀረ። ለተሐድሶ ካምፕ ገብቶ ሲመለስ ብዙ አያወራም ነበር። የኛ ቤት የተሸናፊ ቤት ነው። ሬዲዮ የድል ዘፈን ሲያሰማ እማዬ ድምፁን ትቀንሰዋለች፤ አትዘጋውም፣ ጎረቤት እንዳይታዘባት። ቀድሞ ሽቅብ ያዩን የነበሩ ሰዎች ቁልቁል ያዩን ጀመር። እማዬ የአባዬን የወታደር ካፖርት ፈታችና ሱሪ ሰፋችልኝ። ያኔ የወታደር ጨርቅ ለብሶ መታየት ያስፈራ ስለነበር ትልቁ ድስት ውስጥ ውሃ አፍልታ ጥቁር ቀለም ነከረችው። ያ ድስት ከዚያ በኋላ ለወጥ አልተመለሰም። ሱሪው ሙቀቱ ግሩም ነበር፤ ዝናብ ሲያገኘው ግን ቀለሙን ይለቅና ባቴ ላይ እየተንዠቀዠቀ ካልሲዬ ውስጥ ይገባል። ክረምቱን ሙሉ እግሬ ከጉልበት በታች የሌላ ሰው እግር ይመስል ነበር።

መጽሐፉን የተከራየነው ከሰፈራችን አከራይ ነው፤ መያዣ ተሰጥቶ፣ በቀን ሒሳብ። የዛሬ ልጆች መጽሐፍ መከራየት ምን እንደሆነ ላታውቁት ትችላላችሁ። የኪራይ መጽሐፍ ብቻችሁን አታነቡትም። የኛው ቅጂ ሽፋኑ በሲሚንቶ ወረቀት የተለበደ ነበር፤ የገጹ ዳር ዳሩ ደግሞ ሸንጎ ነው። አንዱ በሰማያዊ እስክሪብቶ «ስካርሌት ባለጌ ናት» ብሎ ጽፏል። ከሥሩ ሌላው በቀይ «ባለጌስ አንተ፣ ርቦህ ያውቃል?» ብሎታል። አንድ ክፉ ሰው ገና መሃል ላይ ማን እንደሚሞት ጽፎ ጉድ ሠርቶናል። የስካርሌት አፍቃሪ የሬት በትለር ስም በተጠራ ቁጥር በእርሳስ ትንሽ ልብ የምትስል አንዲት አንባቢ ነበረች፤ ሬት ሲያስከፋት ልቧን ትሰነጥቃታለች። እኔ ሥነ ጽሑፍ ሂስን የተማርኩት ዩኒቨርሲቲ አይደለም፤ እዚያ ኅዳግ ላይ ነው።

ማታ ማታ ጮክ ብዬ አነባለሁ። እማዬ መርፌዋን ይዛ ትሰማለች። አባዬ የማይሰማ መስሎ ይሰማል። ስካርሌት 300 ዶላር ግብር አጥታ እርሻዋ ታራ ሊወሰድባት ሲል፣ አረንጓዴውን የመስኮት መጋረጃ አውርዳ ቀሚስ አሰፍታ አትላንታ ገንዘብ ፍለጋ የምትሄድበት ጋ ስደርስ እማዬ መርፌዋን አቆመች። «ድገመው» አለችኝ። ደገምኩት። «ይቺስ ሰው ናት!» አለች። ሱሪዬን አየሁት። እስከዚያ ቀን ሱሪው ኀፍረቴ ነበር። ከዚያ በኋላ እንደ ታሪክ ለበስኩት። ጦርነት ያሸነፈም የተሸነፈም ሰው ልጅ እንዳለው፣ ልጅ ደግሞ ሱሪ እንደሚያስፈልገው፣ ይህንንም የታሪክ መማሪያ መጽሐፋችን የትኛውም ምዕራፍ ላይ እንደማላገኘው የገባኝ ያኔ ነው። ለዚህ ነው ዛሬ ድረስ የድል በዓል ንግግር ስሰማ ጆሮዬ የተሸነፈው ሰው ወጥ ቤት ውስጥ ያለው።

ጽሑፌን እዚህ ላይ ባቆም ደስ ባለኝ ነበር። ግን እትዬ አለች።

እትዬ የአባዬ ዘመድ ናት። ከገጠር «ልትማር» የመጣች፤ በአገራችን ልማድ እንዲህ ያለች ልጅ ቀን ሥራ ትሠራለች፣ ማታ ትማራለች፣ እንግዳ ሲመጣ «እኅታቸው ናት» ትባላለች፣ እንግዳው ሲቀመጥ ግን የምትቆመው እሷ ናት። ደመወዝ የላትም፣ ምክንያቱም ዘመድ ናት። ከኛ ጋር ገበታ አትቀርብም፣ ምክንያቱም ሥራ አለባት። ስሟን የማልጽፈው ራሷ ስለከለከለችኝ ነው። ያን ሰሞን ጎመን እየቀነጠሰች በር ላይ ተቀምጣ ትሰማኝ ነበር። አንድ ማታ ባሪያዋ ሞግዚት ማሚ የስካርሌትን ወገብ በመቀነት ስትጠፍር፣ ስትቆጣ፣ ምግብ በግድ ስታጎርሳት እያነበብኩ ሳለ እትዬ ቀና አለችና «ይቺ ማሚ የምትሏት የራሷ ልጅ የላትም?» አለች።

ገጹን ገለጥኩ፣ መለስኩ። ማሚ ሦስት ትውልድ አሳድጋለች፤ የስካርሌትን እናት፣ ስካርሌትን፣ የስካርሌትን ልጆች። የራሷ የሚባል ልጅ ግን መጽሐፉ አይነግረንም። እናት ትሁን አትሁን ሚቼል በሺህ ገጽ ውስጥ አልጠየቀችም። «መጽሐፍ እኮ ነው፣ ባክሽ» አለች እማዬ፤ ነገሩን ለማብረድ። አባዬ ግን ስለ መጽሐፉ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲናገር ሰማሁት። «ጥሩ ጥያቄ ነው» አለ።

ያን ወጣት «አንብበኸዋል?» ያልኩበት ምክንያት የሚገባኝ እንዲህ ሳየው ነው። የመጽሐፉን ጉድ ያጋለጠችው ስለ እሱ ያነበበች ምሁር ሳትሆን እሱን ስትሰማ የነበረች ልጅ ናት። ልጁ እንዳለው ብናደርግ፣ መጽሐፉ በር ላይ ቢመለስ፣ ጥያቄውም አብሮ በተመለሰ ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ ምንም ባነብ የምጠይቀው ያንኑ ነው። ስለ አያቶቻችን ሰፊ አዳራሽ፣ ስለ ግብሩና ስለ ጠጁ ሲጻፍ ጠጁን የጠመቀችው ሴት ልጅ አላት? አትላንታን መውቀስ ለእኛ ቀላል ነው፤ ሩቅ ነዋ! ኢትዮጵያ በ1916 ዓ.ም. የመንግሥታት ማኅበር አባል ስትሆን ባርነትን ለማስቀረት ቃል ገብታ ነበር፤ ባርነት በሕግ የታገደበት አዋጅ የወጣው ግን በ1934 ነው። የዚያ ጊዜ ሰዎች የሩቅ ዘመን ሰዎች አይደሉም፤ የአንዳንዶቻችንን አባትና እናት ያጠቡ ናቸው። የዚያ ቤት ሙሾ ጸሐፊዎች እኛም ዘንድ ሞልተዋል፤ የሚገሥጻቸው ወጣት ግን ገና አላየሁም።

እትዬ በኋላ ቤይሩት ሄደች። ካፋላ የሚሉትን አሠራር ታውቁታላችሁ፤ የሠራተኛዋ የመኖሪያ ፈቃድ ከአሠሪዋ ጋር የታሰረ ነው፤ ከቤቱ ከወጣች ሕገ ወጥ ትሆናለች። ፓስፖርቷን ማዳም ቁም ሣጥን ውስጥ ቆለፈችበት፤ ስሟም አልጥም ስላላት ሌላ አወጣችላት። እትዬ እዚያ የያዘችው ሀብት ያንን ታሪክ ነበር። በረንዳ ላይ ልብስ ስታሰጣ በማዶው ፎቅ ያለችውን የአገሯን ልጅ ታያለች፤ ከዚያ በላይኛው ፎቅ ያለችውን። ልብሱ እስኪሰጣ ድረስ ከበረንዳ በረንዳ ታወራላቸዋለች፤ ዛሬ አትላንታ ስትቃጠል፣ ነገ መጋረጃው ሲቀደድ። ማዳም ስትጠራ ታሪኩ ይቋረጣል፤ በማግሥቱ ከማዶ «የትናንቱን ጨርሺልን!» ተብሎ ይጮህባታል። የልብስ ማጠቢያ ቀን ያሳጠረባት አሠሪ ከጎረቤት ሁሉ ተረገመች።

እትዬ ያንን ታሪክ ስታወራ እንዳለ አላወራችውም። በእሷ ትረካ ማሚ ሦስት ልጆች አሏት። ሁለቱ ተሸጠው የትም ቀርተዋል፤ አንዷ ከጦርነቱ በኋላ በእግሯ ፈልጋ አግኝታታለች። ይህን ስትነግረኝ «ከየት አመጣሽው?» አልኳት። «አንተ ማታ ገልጠህ ያጣኸው ገጽ ላይ ነበር» አለችኝ።

ከዚህ ጋር የሚሄድ አንድ ወር አለ። እ.ኤ.አ. በጁን 2020 ዓለም ሁሉ ስለ ዘር መድልዎ ሲነጋገር፣ ኤችቢኦ ማክስ ከዚህ መጽሐፍ የተሠራውን ፊልም ከማሳያው አነሣው፤ በሁለት ሳምንት ገደማ ውስጥ ማብራሪያ የምትሰጥ ምሁር መግቢያ ላይ አድርጎ መለሰው። በዚያው ወር ቤይሩት ውስጥ ኢኮኖሚው ሲንኮታኮት አሠሪዎች ኢትዮጵያውያን ሠራተኞቻቸውን በመኪና እያመጡ ቆንስላው ደጃፍ ላይ ከነሻንጣቸው ጥለዋቸው ይሄዱ ነበር። አንዳንዶቹ ደመወዛቸው ለወራት አልተከፈለም፤ አስፋልት ላይ አደሩ። የፊልሟን ማሚ ለማንሣት የተቻኮለው ዓለም አስፋልት ላይ ያሉትን ለማንሣት እንዲያ አልተቻኮለም። ማሚን ሆና የተጫወተችው ሃቲ ማክዳንኤልም ይህ አይገርማትም ነበር። ፊልሙ እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 1939 አትላንታ ሲመረቅ በዚያ አገር የዘር ሕግ ምክንያት አልተገኘችም። በ1940 ኦስካር ያሸነፈች የመጀመሪያዋ ጥቁር ስትሆን ደግሞ ከፊልሙ ባልደረቦች ተለይታ ግድግዳ ሥር ካለች ጠረጴዛ ነው ተነሥታ የሄደችው። መጽሐፍና ፊልም መክሰስ ወጪ የለውም። ወንበር ማስጠጋት ነው ወጪው።

እትዬ አሁን አገሯ ገብታለች፤ የራሷ ሱቅ አላት፤ ሁለት ልጅ ቀጥራለች፤ ሁለቱም በደመወዝ፣ ሁለቱም ከእሷ ጋር ይበላሉ። የምረቃውን ዕለት ወሬ በስልክ ነገርኳት። ወጣቱ የተናገረውን ስደግምላት ዝም ብላ ሰማችኝ። እንደምትደሰት ጠብቄ ነበር፤ ያው እሷ ከጠየቀችው ጥያቄ ጋር ስለሚገጥም። ተቆጣች።

«ታዲያ እኔን ምን አድርጎ አሰበኝ?» አለች። «ማሚ ናት ብሎ ነው? እኔ ስካርሌት ነኝ። መጋረጃ የቀደድኩት እኔ፣ ከሰው ቤት ወጥቼ ሱቅ የከፈትኩት እኔ። አልራብም ብዬ የማልኩት እኔ። ስለ ማሚ የጠየቅኩት ስላዘንኩላት ነው እንጂ እሷን ስለሆንኩ አይደለም። ጋዜጣህ ላይ ማሚ አድርገህ እንዳታወጣኝ!» አላወጣኋትም፤ ይኸው በራሷ ቃል አስቀመጥኩት። ለአርባ ስምንቱ ሕጎች ወዳጆችም ለወጣቱም ማሳሰቢያ ይሁን፤ አንባቢ የትኛውን ገጸ ባሕርይ እንደሚሆን የሚመድብ ኮሚቴ አልተቋቋመም።

ከእትዬ ጋር የማንስማማበት አንድ ነገር ግን ቀርቷል፤ ስልኩን የዘጋነውም በእሱ ላይ ተጨቃጭቀን ነው። መጽሐፉ ሲያልቅ ሬት ስካርሌትን ትቶ ሻንጣውን ይዞ ይወጣል። እትዬ ይመለሳል ትላለች፤ በቤይሩት ትረካዋም ተመልሷል፣ ያውም ሽማግሌ ልኮ። የማሚን ልጆች ተቀብዬላታለሁ፤ ይሄንን ግን አልቀበልም። እ.ኤ.አ. በ1991 አሌክሳንድራ ሪፕሊ የምትባል ጸሐፊ በወራሾቹ ፈቃድ ተከታዩን ጽፋ ሁለቱን አስታርቃቸዋለች፤ እትዬ ይህን ስነግራት «አየህ!» ብላ ጮኸች። እኔ በአቋሜ ነኝ። ሬት በትለርን የሚያህል ኩሩ ሰው አንዴ ከወጣ አይመለስም። የምታግዙኝ አንባቢዎች ካላችሁ ጻፉልኝ፣ ለሷ አነብላታለሁ። የሷን ወገን የምትይዙ ግን ቴምብር አታባክኑ።